የቤት ውስጥ ጥቃት ሲደርስ እርዳታ የት ይገኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባል፣ በቀድሞ ባል፣ አብሮ በሚኖር ሰው ወይም በሌላ የቤተሰብ አባል ጥቃት ለሚደርስባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ሊረዷቸው ለሚፈልጉ ዘመዶችና ጎረቤቶች የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ክልል ላይ የሚለየውን በየቦታው ጠቅሰናል። ገጹን የሚያነቡት ጥቃት አድራሹ በሚነካካው ስልክ ከሆነ ሲጨርሱ ከስልኩ ታሪክ ውስጥ ያጥፉት።

አሁኑኑ አደጋ ላይ ነኝ። ማንን ልጥራ?

ፖሊስ 991፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ስልኩ እንደተነሳ ከሁሉ በፊት ያሉበትን ቦታ ይናገሩ። መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ስልኩን ቢነጥቅዎ ቢያንስ አድራሻው ተይዟል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገኘው በምልክት ስለሆነ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የሰፈሩን ስም፣ ከዚያ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም የታክሲ ማዞሪያ ይጥቀሱ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር ይበቃል። ይህን ልጆችም በቃላቸው ቢይዙት ጥሩ ነው። ቀጥለው መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፣ የቆሰለ ሰው ካለና ሕፃናት ቤት ውስጥ ካሉ ይናገሩ።

ፖሊስ እስኪደርስ ከማዕድ ቤት ይራቁ፤ ቢላውም የፈላ ውሃውም እዚያ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መቆለፍ የሚመከር ቢመስልም መውጫ ስለሌለው ወጥመድ ይሆናል። ወደ ደጅ፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ሳይቱ ጥበቃ፣ ሰው ወደሚያይዎት ቦታ ይውጡ። ፓትሮል ሊዘገይ ይችላል። ጣቢያው በእግር የሚደረስ ከሆነ ራስዎ መሄዱ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። የሰፈርዎን የማኅበረሰብ ፖሊስ ባልደረባ ስልክ ከአሁኑ በሴት ስም መዝግበው ያስቀምጡ።

ለመክሰስ አልወሰንኩም። ማማከር ብቻ ይቻላል?

ይቻላል፣ መክሰስ ግዴታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች መብት ንቅናቄ የሆነው ሴታዊት የሚያስተዳድረው «አለኝታ» የተባለው መስመር ደግሞ 6388 ነው፤ ለሥነ ልቦና ምክርና ወደሚመለከተው ተቋም ለመመራት ይጠቅማል። መጀመሪያ ላይ «ስሜን መናገር አልፈልግም» ማለት ይችላሉ።

የሚደውሉት ጥቃት አድራሹ ከቤት በወጣበት ሰዓት፣ ቢቻል በሌላ ሰው ስልክ ይሁን። መስመሩ ቢያዝ ተስፋ ቆርጠው አይተዉት፣ በተለይ ጠዋት ይሞክሩ። «ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አጠቃላይ ያደርገዋል። «ልጆቼን ይዤ ብወጣ ማታ የት አድራለሁ? የትኛው ጣቢያ ነው የሚመለከተኝ? የሕክምና ማስረጃ ሳይኖረኝ ክስ ይቀበሉኛል?» ብለው ለይተው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስም ለሚቀጥለው ቀን የሚሆን ይሆናል።

መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ ሆስፒታል?

ጉዳት ካለ ሆስፒታል። ሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ሆስፒታሉ ለክስ የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ጽፎ እንዲልክ ነው፤ እሱንም ፖሊስ በኋላ ይጠይቃል። ካርድ ክፍል ላይ «መጀመሪያ ደብዳቤ አምጪ» ከተባሉ ለድንገተኛ ክፍል ነርስ ጉዳዩን ይንገሩ።

በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያና በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታሎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ በአዳማ ሆስፒታልም እንዲሁ። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው ደጋግሞ ከመናገር ያድናል። ማዕከላቱ በዋናነት የተቋቋሙት ለፆታዊ ጥቃት ተጎጂዎች ነው። ለድብደባ ብቻ ከሆነ በቅርብ ያለ ማንኛውም የመንግሥት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይበቃል።

ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ካለፈ አይጀመርም። ለ28 ቀናት በየቀኑ ይወሰዳል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በመጀመሪያው ሳምንት ሲያቅለሸልሻቸው ነው፤ ከምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ካልቻሉም ሳያቋርጡ ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ። የድንገተኛ ወሊድ መቆጣጠሪያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፣ ግን በየቀኑ ኃይሉ ስለሚቀንስ በዚያው ቀን መዋጥ ይሻላል። ከዋጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለስዎት ድጋሚ መውሰድ ያስፈልጋል። በአባላዘር በሽታዎችና በሄፓታይተስ ቢ ላይ የሚሰጠውንም ይጠይቁ። የኤችአይቪ ምርመራው በዕለቱ፣ ከ6 ሳምንት በኋላና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።

ከመመርመርዎ በፊት ባይታጠቡ፣ ልብስዎንም ባይቀይሩ ይመረጣል። ከቀየሩ ያወለቁትን ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት ይዘው ይምጡ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥበው ከሆነም መሄዱን አይተዉ፣ ሕክምናው በዚህ አይለወጥም።

ከጥቃቱ ፅንስ ቢፈጠር፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የተፈጠረ ፅንስ በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ለዚህ የፖሊስ ማስረጃም የፍርድ ቤት ውሳኔም አያስፈልግም። አንቀጽ 552 የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ቢገጥምዎ አንቀጹን ይጥቀሱለት።

አንቄ ነበር እንጂ አልመታኋትም ይላል። ምልክትም የለኝም። ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል?

በጣም። ከሁሉም የጥቃት ዓይነት የሚናቀው ይህ ነው፣ አደገኛውም ይህ ነው። አንገት ሲታነቅ ውጭው ቆዳ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ውስጥ ያለው የደም ሥርና የመተንፈሻ ቱቦ ግን ተጎድቶ እብጠቱ ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የዓይን ነጩ ክፍል ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ራስ ምታት፣ ለአፍታም ቢሆን ራስን መሳት፣ ሽንት ማምለጥ ካለ በዚያው ቀን ይታዩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ምልክት ባይኖርም ይታዩ።

ለሐኪሙ «መታኝ» ብቻ አይበሉ። በአንድ እጅ ወይስ በሁለት፣ ለስንት ጊዜ ያህል፣ ምን እያለ እንዳነቀዎት ይናገሩ። አንድ ጊዜ ያነቀ ሰው ኋላ የመግደል ዕድሉ በእጅጉ ከፍ ይላል። ስለዚህ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና የመጠለያ ሠራተኛዋም ይህን ሊያውቁ ይገባል።

ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ምን ይጠብቀኛል? ምንስ ይበላሻል?

የሚሄዱት ድርጊቱ የተፈጸመበት አካባቢ ወዳለው ጣቢያ ነው። በር ላይ ላለው ተረኛ ጉዳዩን ከመዘርዘር ይልቅ የሴቶችና ሕፃናት ምርመራ ክፍልን ይጠይቁ። ክፍሉ በዚያ ሰዓት ዝግ ከሆነ ተረኛው ቃልዎን መመዝገብ አለበት።

ቃል ሲሰጡ የመጨረሻውን ቀን ብቻ አይናገሩ። ብዙ መዝገብ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፦ የሦስት ዓመት ድብደባ እንደ አንድ ማታ ጠብ ይጻፋል። ያለፉትንም በቅደም ተከተል ያንሱ። ቀኑን በትክክል ካላስታወሱ «የፋሲካ ጾም ሳይፈታ»፣ «ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት የገባ ሰሞን» ማለት ይቻላል፤ የገመቱትን ቀን እርግጠኛ ሆኖ መናገር ግን በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ይጎዳዎታል። የመቱትም ካለ፣ ራስዎን ለመከላከል የቧጨሩትም ካለ፣ ከእሱ አፍ ከሚሰማ ከእርስዎ ይሰማ።

የተጻፈው ሳይነበብልዎት አይፈርሙ። ከመውጣትዎ በፊት የመዝገቡን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ለሆስፒታል የሚሄደውን ደብዳቤ ይያዙ። ያለ ቁጥር የወጡበት አቤቱታ ነገ ሲመለሱ ላይገኝ ይችላል።

ፎቶ በመጀመሪያው ቀንና ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ያንሱ፤ ሰንበር በኋላ ነው የሚጠቁረው። አንዱን ፊት የሚታይበት፣ ሌላውን ቁስሉ ላይ ቀረብ ብሎ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው። የዛቻ መልእክት ከሆነ ስክሪን ሾቱ ላይ ስሙ ሳይሆን ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ ያድርጉ፣ ዋናውንም አያጥፉ። ምስክር ማለት ድርጊቱን ያየ ብቻ አይደለም። ጩኸት የሰማች ጎረቤት፣ በማግስቱ ያበጠ ፊት ያየች ባለሱቅ፣ ሮጠው የገቡባት ቤት ባለቤት ሁሉ ይመሰክራሉ።

የጊዜ ገደብ አለ። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ በመሆናቸው አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከባድ ጉዳት፣ በመሣሪያ የደረሰ ወይም በደካማ፣ በታመመ አልያም ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ የተፈጸመ ጉዳት ግን የእርስዎን አቤቱታ አይጠብቅም። ይህ ልዩነት በተግባር ብዙ ነገር ይወስናል፦ የመጀመሪያውን ዓይነት አቤቱታ ካነሱ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሁለተኛውን «ትቻለሁ» ቢሉም ዐቃቤ ሕግ ሊቀጥልበት ይችላል። ሕክምናው ላይ የተጻፈው የጉዳት መጠን ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ሄዳችሁ ታረቁ» ከተባሉ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ያስቀምጣል። የክፍሉን ኃላፊ ይጠይቁ፤ ካልሆነ በክፍለ ከተማው ወደሚገኘው ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ።

ቢታሰርም በማግስቱ ይፈታል ይሉኛል። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ ዕቅድዎን በዚህ ላይ ተመሥርተው ያውጡ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ቀላል ጉዳት ከሆነ በዋስ ይወጣል። ተናዶ የሚመለስበት የመጀመሪያው ማታ ከሁሉም ይከፋል። ስለዚህ እሱ እንደታሰረ «ተገላገልኩ» ብሎ መተኛት ሳይሆን በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚያርፉበትን ቦታ ማመቻቸት ነው።

ዛቻ ካለ ለመርማሪው በቃልም በጽሑፍም ይስጡ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ወይም ምስክር ሊያባብል የሚችል ከሆነ ዋስትና እንዲከለከል ይፈቅዳል። ግን ዳኛው ይህን የሚያውቀው ፖሊስ ካቀረበው ብቻ ነው፤ ፖሊስም የሚያቀርበው እርስዎ ከነገሩት ነው። መቼ እንደሚፈታ እንዲደወልልዎ መርማሪውን ይጠይቁ፣ እርስዎም በየቀኑ ይደውሉ።

በሌሎች አገሮች እንዳለው ጥቃት አድራሹ ወደ ቤት እንዳይቀርብ የሚያደርግ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ በእኛ ሕግ የለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በፍቺ መዝገብ ላይ የሚገኘው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

መጠለያ እንዴት ይገባል?

በቀጥታ ሄደው የሚያንኳኩት በር አይደለም። የመጠለያዎቹ ቦታ ለተጎጂዎች ደኅንነት ሲባል ይፋ አይደረግም። የሚገባው በፖሊስ፣ በሆስፒታሉ የአንድ ማዕከል ወይም በወረዳና በክፍለ ከተማ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ በኩል ነው። በዚህ ሥራ ረጅም ልምድ ያለው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሲሆን በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ መጠለያ አለው። ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል፤ ልጆችም ከእናታቸው ጋር ይገባሉ። ትልልቅ ወንዶች ልጆች ካሉዎት ግን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ፣ የሴቶች ማደሪያ ውስጥ ማሳደር አንዳንዴ አይቻልም።

ውስጥ ያለው ደንብ ጠበቅ ያለ ነው። ስልክ ይገደባል፣ እንግዳ አይመጣም፣ መውጣትና መግባት በፈቃድ ነው። ሳይነገራቸው የገቡ አንዳንድ ሴቶች «ሌላ እስር ቤት» ብለው በሦስተኛው ቀን ይወጣሉ። ደንቡ የጠበቀው ግን አንዷ የላከችው የቦታ መልእክት የሁሉንም መደበቂያ ስለሚያጋልጥ ነው።

ቦታ ሞልቶ ከሆነ የሚልክዎት ቢሮ ተጠባባቂ ውስጥ እንዲያስገባዎ ይጠይቁና ለጊዜው እሱ ወደማያውቀው ቤት ይሂዱ። እናት ቤትና እህት ቤት መጀመሪያ የሚፈልግበት ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ወይም የሩቅ ዘመድ ይሻላል። መጠለያ ገብተው ወደ ቤት ተመልሰው ከሆነም እንደገና ለመጠየቅ አይፈሩ። ተመልሶ መሄድ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው።

ወረዳ ያለው ሴቶች ጉዳይ ምን ሊያደርግልኝ ይችላል?

ወደ ፖሊስና መጠለያ የሚልክ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለፍርድ ቤት ዳኝነት ክፍያ ነፃ ለመሆን የሚያስፈልገውን የመክፈል አቅም ማጣት ማስረጃም በወረዳው በኩል ያገኛሉ። የመክሰስም የማሰርም ሥልጣን ግን የለውም። ሠራተኞቹ የባልዎ ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆኑ ወረዳውን ዘለው ክፍለ ከተማ ይሂዱ።

የሚያስገድደኝ ባሌ ነው። ይህ አስገድዶ መድፈር ይባላል?

በሕጉ አይባልም። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመ ሲሆን ነው። ያልተጋቡ ወይም የተፋቱ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። በትዳር ውስጥ ከሆነ ለማስገደድ የተጠቀመበት ድብደባ፣ ማነቅና ዛቻ ራሳቸውን ችለው ያስከስሳሉ፤ ቃል ሲሰጡ እነዚህን ለይተው ይናገሩ። ሆስፒታል ደግሞ ጋብቻዎን አይጠይቅም፣ ከላይ የተዘረዘረው ሕክምና ሁሉ ይሰጥዎታል።

ስድብ፣ ከቤት እንዳይወጡ መከልከል፣ ደመወዝ መቀማት፣ የቤት ወጪ አለመስጠት ሁልጊዜ በወንጀል ላያስከስሱ ይችላሉ። በቤተሰብ ችሎት ግን ይሰማሉ፤ ለማማከርም ለመጠለያም ምክንያት ይሆናሉ። «ካልደበደበኝ ማን ይሰማኛል» ብለው አይጠብቁ።

ሽማግሌ ተልኳል። እምቢ ብል ጉዳት አለው?

በሕግ ምንም ጉዳት የለውም። ሽምግልና የንብረትና የኑሮ ጉዳይ ሊያቃና ይችላል፤ ከባድ ወንጀልን ግን አያስቀርም። እኛ የምንመክረው ሽምግልናው ከፖሊስና ከሕክምና ማስረጃ በፊት እንዳይሆን ነው። «እስኪ በዓሉ ይለፍ» እየተባለ ሦስቱ ወር ሲያልቅ፣ ሰንበሩም ሲጠፋ፣ በእጅዎ የሚቀረው ከሽማግሌዎቹ የተሰጠ ቃል ብቻ ይሆናል። ዕርቁን ከመረጡ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን፦ ምን እንደፈጸመ ያመነበት፣ ቢደግም ቤቱን ማን እንደሚለቅ፣ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ ያለበት። አቤቱታ እንዲያነሱ ቅድመ ሁኔታ ከተደረገ ከመፈረምዎ በፊት 7711 ይደውሉ።

ሙስሊም ከሆኑ አንድ ነገር ይወቁ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይዎን የሚያየው ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶዎት ካልቀረቡ እንደተስማሙ ይቆጠራል። መደበኛ ፍርድ ቤት ከመረጡ ቀርተው ሳይሆን ቀርበው «አልስማማም» ይበሉ።

ከቤት ብወጣ ቤቱንና ልጆቹን አጣለሁ?

አያጡም። በጣም የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፣ ብዙ ሴቶችንም ለዓመታት አስሮ ያስቀምጣል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራ ነው፤ በፍቺ ጊዜም በእኩል ይካፈላል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከኖሩም በዚያ ጊዜ የተፈራው የጋራ ይሆናል። ልጆችን ማን ያሳድግ የሚለውን ፍርድ ቤት ሲወስን የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም፣ የወላጆቹን ጤናና አኗኗር ያያል፤ ገቢ ከመለኪያዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የፍቺ አቤቱታ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ችሎቱ እንዲያስቡበት እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል ውሳኔውን ሳይጠብቁ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይጠይቁ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች ጥበቃና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደርና ከሁለቱ ማን ከቤቱ እንደሚወጣ ወዲያውኑ እንዲያዝ ያስችለዋል። ብዙ ሰው በራሱ የሚያጽፈው አቤቱታ «ፍቺ ይወሰንልኝ» ብሎ ያበቃል፤ ያልተጠየቀ ትእዛዝ ደግሞ አይሰጥም። ቤት ወይም መኪና ሊሸጥ ነው ብለው ከሠጉ እግድም በዚያው ያስገቡ።

ጠበቃ የመክፈል አቅም ከሌለዎት የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ ድጋፍ ይሰጣሉ። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው አንቀጹ ይለያያል፤ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በሐረማያ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ከመውጣቴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ዋናውን ካላገኙ ፎቶ ይበቃል፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድ። ፎቶዎቹን ለሚያምኑት ሰው ልከው ከራስዎ ስልክ ያጥፉ። ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት፣ የሁለት ሦስት ቀን ታክሲና ምግብ የሚችል ጥሬ ገንዘብ፣ ለልጆች አንድ አንድ ቅያሪ ጎረቤት ቤት ይቀመጥ። ሻንጣ አይሸክፉ፤ የጎደለ ልብስ ይታያል።

ስልክዎ ሊያስይዝዎ ይችላል። ጂሜይሉን የከፈተልዎ እሱ ከሆነ ስልኩ የት እንዳለ በካርታ ያያል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ»፣ ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ይመልከቱ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርዎንም ያስቡበት። ግን ይህን ሁሉ ሳምንት ቀድመው ከቀየሩ ያስነቃዋል። በሚወጡበት ዕለት፣ ከወጡ በኋላ ያድርጉት፤ ከተቻለ በአዲስ ሲም።

ገጠር ነው የምኖረው። ይህ ሁሉ እኔ ጋ የለም።

ቅርብ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትልክዎ ማንም አይጠራጠርም። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ወረዳ ከተማ ላይ ናቸው። ገበያ ቀን መሄድ ከቤት ለመውጣት ምክንያት ይሆናል፤ የ72 ሰዓቱ ጉዳይ ካለ ግን ገበያ ቀን አይጠብቁ።

የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የሚያጠቃኝ አሠሪዬ ነው። ወንድ ብሆንስ?

ሕክምናውም ፖሊሱም ያው ነው። ደመወዝና መታወቂያ ተይዞብኛል ብለው አይቆዩ፤ ፖሊስ ሲሄድ አብሮ ይጠየቃል። ሠራተኛ ሴቶችም ወደ መጠለያ ይላካሉ። ወንዶች የሴቶች መጠለያ ባይገቡም አቤቱታቸውና ሕክምናቸው በእኩል ይታያል። መስማት ለተሳናቸው በምርመራም በችሎትም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ባል ወይም የባል ቤተሰብ እንዲያስተረጉም አይፍቀዱ።

ውጭ አገር ነኝ፤ እህቴ አዲስ አበባ ትደበደባለች። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?

ባሏን ደውለው አይገሥጹ። እርስዎ ስልኩን ሲዘጉ ከእሱ ጋር የምትቀረው እሷ ናት። ገንዘብ በእሱ ወይም በእሱ ቤተሰብ በኩል አይላኩ፤ በራሷ ስም በተከፈተ፣ እሱ በማያውቀው ሒሳብ ወይም በሁለታችሁም በምትታመን ሰው እጅ ይሁን። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነው፤ መጠለያ ከወጣች በኋላ ወደ ባሏ የሚመልሳት ብዙ ጊዜ ኪራይ ማጣት ነው።

የምታወራው ብቻዋን መሆኗን ሳያረጋግጡ ጉዳዩን አያንሱ። «ቡና ጠጣሽ?» የመሰለ ተራ ጥያቄ ተስማምታችሁ፣ «ገና ነኝ» ካለች እሱ አጠገቧ ነው ማለት ይሁን። አቤቱታውን የምታቀርበው ራሷ ስለሆነች ለዚህ የውክልና ወረቀት አያስፈልግም። የላከችልዎትን ፎቶና የድምፅ መልእክት ግን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ የእሷ ስልክ ሲሰበር የሚቀረው የእርስዎ ነው። እስክትወስን ድረስ ቢዘገይም ስልክዎን አይዝጉባት። «ካልተውሽው አልረዳሽም» የሚል ዘመድ ባሏ የጀመረውን ብቸኝነት ይጨርስለታል።